የባዕድ ወራሪ ፊልም ለዝናብ ማታ፦ የትኛው ይሻላል?

ቅዳሜ ማታ ሐዋሳ ላይ ዝናብ ከያዘ እኛ ቤት ፈንዲሻ ይፈነዳል፣ የሳሎኑ መብራት ይጠፋል፣ ከዚያ ክርክር ይነሳል። «ኢንዲፔንደንስ ዴይ» ወይስ «ማርስ አታክስ»? ሁለቱም ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ምድርን ሲወርሩ የሚያሳዩ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጡ ፊልሞች ናቸው።

የመጀመሪያው ግዙፍ ነው። የወራሪዎቹ የጠፈር መርከብ ከተማውን ከላይ ሲሸፍነው ሳሎኑ ጸጥ ይላል። ዋይት ሀውስ ብትንትኑ ይወጣል። ዊል ስሚዝ ወራሪውን በቡጢ ይዘርረዋል። ያ ሁሉ መርከብ በመጨረሻ የሚረታው ከላፕቶፕ በተላከ ቫይረስ ነው! እንዴት ሆኖ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እናጨበጭባለን።

እኔ ግን የዳይሬክተር ቲም በርተንን «ማርስ አታክስ» እመርጣለሁ። የማርስ ሰዎቹ አንጎላቸው ከውጭ ይታያል፤ ንግግራቸው «አክ አክ» ብቻ ነው። ወዳጅ ነን እያሉ ይተኩሳሉ። የጦር ሠራዊት ያቃተውን ነገር አንዲት አያት የሚያዳምጡት የድሮ ዘፈን ይፈታዋል። ዘፈኑ ሲሰማ የማርስ ሰዎቹ ጭንቅላት በመስታወት ቆባቸው ውስጥ ቧ! ብሎ አረንጓዴ ይሆናል። እዚህ ጋ እማዬ ፈንዲሻውን ጭኗ ላይ እንደያዘች «እሰይ! የእጃቸውን አገኙ» ትላለች። ለዚህ ሰዓት ስል ደጋግሜ አየዋለሁ።

ትንንሽ ልጆች ካሉ ግን የመጀመሪያውን ክፈቱ። በሁለተኛው ፊልም ሰው ተቃጥሎ አፅሙ ብቻ ይቀራል፤ ልጆቹ እንቅልፍ እንቢ ይላቸዋል።