የድሮ አሜሪካን መኪና ሞተር ልታሳድሱ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሞተሩን የሰጠሁት ጥቅምት ላይ ነው። በ5 ሳምንት ይደርሳል ተባልኩ፤ የተረከብኩት መጋቢት ላይ ነው። መዘግየቱን እንኳ ችዬው ነበር። የሚያንገበግበኝ የመለሱልኝ ነገር ነው። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ሙስታንግ፣ ካማሮ፣ ሼቬል ገዝተው እሁድ እሁድ የሚነዱ ወንድሞች አውቃለሁ። እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ ውስጥ እንዲወድቁ ስለማልፈልግ ነው የምጽፈው።

መኪናዬ የ1970 ሼቭሮሌት ሼቬል ማሊቡ ናት። ሞተሯ ባለ 8 ሲሊንደር 350 (350 ኪዩቢክ ኢንች ስፋት ያለው) ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ 250 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈላት ናት። ትልቁ ነገር ግን ሞተሩ የራሷ መሆኑ ነበር። ከሞኖብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ካሉበት ዋና የሞተር አካል) ፊት፣ በተሳፋሪው በኩል፣ ከቴስታታው (ከላይ ከሚገጠመው የሞተር ራስ) ወጣ ብሎ አንድ ትንሽ ጠፍጣፋ ቦታ አለ። እዚያ ላይ የተመታው ቁጥር ከሻንሲው ቁጥር ጋር ይገጥም ነበር። ይህን ቁጥር ያለው መኪናና የሌለው መኪና ዋጋቸው አንድ አይደለም። ቁጥሩን አስታውሱት፣ እመለስበታለሁ።

ጠዋት ሳስነሳት ሰማያዊ ጭስ ትሰጥ ነበር፣ ዘይትም ትበላለች። አንድ ጋራዥ «ሙሉ እድሳት፣ 350 የፈረስ ጉልበት፣ ዋስትና ያለው» ብሎ 3,400 ዶላር ጠየቀኝ። ሌሎቹ ከዚያ በጣም ከፍ ያለ ነበር የጠሩልኝ። ዋጋው ማረከኝ። ግማሹን ያኔውኑ፣ ግማሹን ደግሞ «እቃ ልናዝ ነው» ሲሉኝ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ ወዲያው በሚልክ የስልክ መተግበሪያ) ላክሁ። በእጄ የቀረው አንድ መስመር የተጻፈበት ደረሰኝ ነው።

ሞተሩ ሲያልቅ ቪዲዮ ላኩልኝ። በሼቭሮሌት ብርቱካናማ ቀለም ተቀብቶ ያበራል። ቁልፉን አዞሩት፣ ተነሳ፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ዙር ዱብ ዱብ እያለ ባለበት መሥራቱን ቀጠለ። ሁለት ሰዎች ዙሪያውን ቆመው ይስቃሉ። ያን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግራችሁም። ለባለቤቴ፣ ለወንድሜ፣ ለሁሉም አሳይቻለሁ። የሞተሩ መበላሸት የጀመረው እዚያው ቪዲዮ ላይ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያ ዘመን ሞተር ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ባጭሩ ካም) ላይ የሚያርፈው ታፔት (የካሙን ግፊት ወደ ቫልቩ የሚያደርሰው ብረት) ጠፍጣፋ ነው። አዲስ ካምና አዲስ ታፔት መጀመሪያ ሲነሱ ለ20 ደቂቃ ያህል በደቂቃ ከ2000 እስከ 2500 ዙር ላይ መቆየት አለባቸው። ካሙ ዘይት የሚያገኘው ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ሲሽከረከር ከሚረጨው ስለሆነ፣ ዙሩ ዝቅ ካለ ዘይቱ በደንብ አይደርሰውም። ብረት ከብረት ይፋጫል። ዘይቱም ዚንክ የበዛበት መሆን አለበት፤ ለአዲስ መኪና የሚሸጠው ተራ ዘይት አይበቃውም። እነሱ ግን አስነስተው ዝቅ ባለ ዙር ትተው ቪዲዮ ቀረጹ።

መንዳት ስጀምር መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ፍሬኑ ነው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ስረግጠው ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደረቀብኝ። ለካ ሳልጠይቃቸው ትልቅ የእሽቅድድም ካም ገጥመውልኛል። ድምፁ ያምራል፣ ቆሞ ሲያንገራግር ሰው ዞሮ ያያል። ግን ደህና ሞተር ቆሞ ሲሠራ ከ17 እስከ 21 ኢንች ቫኪዩም (ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠር የመሳብ ኃይል) ሲሰጥ፣ የእኔ 9 ብቻ ሆነ። ፍሬኑን የሚያግዘው ያ ቫኪዩም ነው። ኮምፕሬሽኑ (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ድብልቅ የሚታመቅበት መጠን) 9 ለ1 ለሆነ፣ ማርሹ አውቶማቲክ ለሆነ የመንገድ መኪና ይህን ካም መግጠም ጉልበት መቀነስ ነው። ከመብራት ስትነሳ እንደ ድሮዋ እንኳ አትነሳም። «350 የፈረስ ጉልበት» ያሉት በምን እንደተለካ ስጠይቅ መልስ አልነበራቸውም።

600 ማይል ሳልነዳ የዘይት ግፊቱ ወረደ። ሞተሩ ሞቆ፣ መኪናዋ ቆማ ሲሠራ 8፣ በ2000 ዙር ደግሞ 15 ፒኤስአይ። ባለሙያዎች የሚሉት በየ1000 ዙሩ ቢያንስ 10 ነው። ወደ ጋራዡ ደወልኩ። ዋስትናው እቃ እንጂ የእጅ ዋጋ አይሸፍንም፣ ሞተሩንም ራስህ አውርደህ አምጣ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሱም።

ቶርኖ ቤት (የሞተር ብረት በማሽን የሚሞረድበት ቤት) ያላቸው አንድ አዛውንት አሜሪካዊ ናቸው ሞተሩን የፈቱልኝ። መጀመሪያ የዘይት ማጣሪያውን ቆርጠው ወረቀቱን ዘረጉት። ፀሐይ ላይ ሲያዞሩት እንደ ብልጭልጭ ዱቄት አበራ። ብሮንዚኖቹ (ክራንክሻፍቱ የሚያርፍባቸው ስስ ቅርፊቶች) አዲስ ናቸው፣ ግን ፊታቸው ተጭሮ መዳቡ ወጥቷል። ክራንክሻፍቱ አልተሞረደም፤ ባለበት አዲስ ስታንዳርድ ብሮንዚን ገጥመውበታል። ካሙ ላይ አንዱ ጉብታ ተበልቶ ክብ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሲሊንደሮቹ አልሰፉም፣ በእጅ መሰርሰሪያ ትንሽ ተፋቅፍቀው ነው የተተዉት። ሰውየው አንድ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብተው በጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት እኔው ራሴ እንድለካው ሰጡኝ። 4 ኢንች ለሆነ ሲሊንደር 0.016 ኢንች አካባቢ መሆን ነበረበት። 0.034 ሆነ።

ከዚያ ወደዚያች ጠፍጣፋ ቦታ ጠቆሙኝ። ባዶ ናት። ቁጥሩ የለም። ጋራዡ የድሮውን ጓርኒሲዮን (በብረቶቹ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ሊያነሳ የሚሽከረከር የብርጭቆ ወረቀት ዲስክ ተጠቅሟል። ዲስኩ 50 ዓመት የቆየውን ቁጥር ላጠው። ከዲስኩ የረገፈው ደቃቅ አሸዋ ደግሞ ዘይት መንገዱ ውስጥ ገብቶ ብሮንዚኖቹን በላ። ብሎኩ ስላልታጠበ፣ የዘይት መንገዱ ታፓዎችም (መድፈኛዎቹም) ስላልተፈቱ አሸዋው የሚወጣበት አልነበረውም። ሲሊንደሩን 0.030 ኢንች አስፍተን፣ ክራንክሻፍቱን አስሞርደን፣ ለመንገድ የሚሆን ካም ገጥመን ሞተሩ ይድናል። ቁጥሩን ግን የሚመልስልኝ የለም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ «ሙሉ እድሳት» የሚል ቃል ብቻ ሰምታችሁ አትክፈሉ። ቶርኖው የት እንደሚሠራ ጠይቁ። ብዙ ጋራዥ የራሱ ቶርኖ የለውም፣ ያ ችግር የለውም፤ ግን የቶርኖ ቤቱን ደረሰኝ ያሳያችሁ። ከሁሉ በላይ የልኬት ወረቀት ጠይቁ፦ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ስፋት፣ የክራንክሻፍቱ ልክ፣ የብሮንዚኑ ክፍተት፣ የፋሻው ክፍተት። የለካ ሰው ጽፎ ይሰጣል። ፊቱን ካጠቆረባችሁ ሞተራችሁን ጭናችሁ ውጡ። ካሙ ከመታዘዙ በፊት የማርሹን፣ የዲፈረንሻሉንና የኮምፕሬሽኑን ነገር ሳይጠይቃችሁ «ይሄ ጥሩ ነው» የሚል ካለ ደግሞ ለእናንተ መኪና እያሰበ አይደለም። የብሎኩን ቁጥር ከማስረከባችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ይህ ቁጥር እንዳይነካ ብላችሁ ውሉ ላይ አጽፉ።

ክፍያውን በተመለከተ፣ በክሬዲት ካርድ ብከፍል ኖሮ ባንኩ በኩል እከራከር ነበር። ዜል ግን እንደ ጥሬ ገንዘብ ነው። ሥራው በደረጃ ሲያልቅ በደረጃ ክፈሉ። ሜሪላንድ ውስጥ የጽሑፍ ግምት መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ ያለ ፈቃዳችሁም ከግምቱ ከ10 በመቶ በላይ ማስከፈል አይችሉም። የተቀየረውን አሮጌ እቃም ጠይቃችሁ ውሰዱ። እኔ ብወስድ ኖሮ በአሮጌው ብሮንዚን ጀርባ ላይ ያለውን ልክ ከአዲሱ ልክ ጋር አስተያይቼ ክራንክሻፍቱ እንዳልተሞረደ እደርስበት ነበር። አቤቱታዬን ለግዛቱ ዋና ዓቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አስገብቻለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

አሁን ሞተራችሁ ጋራዥ ያለ ካላችሁ በዚህ ሳምንት ሂዱና ተፈትቶ ሳለ እዩት። ቀለም ከተቀባ በኋላ የምታዩት ነገር የለም። ተረክባችሁ የዘይት ግፊቱ የወረደባችሁ ደግሞ አጥፉት። ማጣሪያውን ቆርጣችሁ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ሳታዩ መልሳችሁ እንዳታስነሱት።