በባቡር ሐዲድ ሥር መርፌ ለሚሸጡት አባት

ይህን ጽሁፍ እሳቸው እንደማያነቡት አውቃለሁ። ቢሆንም ሳልጽፈው ከቀረሁ ያንቀኛል። ደግሞም ከእናንተ መሃል የአባቱ ሸክላ ማጫወቻ ጓዳ ውስጥ አቧራ የሚጠጣበት ሰው አይጠፋም።

የአባዬ ማጫወቻ መርፌዋ ከተሰበረች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ሸክላዎቹ ግን አሉ። በወጣትነቱ ከደመወዙ እየቀነሰ የገዛቸው፣ ቤት ስንቀይርም ጣሪያ ሲያፈስም መጀመሪያ የሚያወጣቸው እነሱን ነው። አብዛኞቹ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ካቋቋመው ከአምሃ ሪከርድስ የወጡ ናቸው። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተሰጠበት ጊዜ ደፍሮ የገባበት ሰው ነው። አባዬ ይህን ታሪክ ቡና በተፈላ ቁጥር ይነግረናል።

መጀመሪያ እዚሁ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። «ማክሰኞ ነይ» አለኝ። የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ ግን አልነገረኝም። አራት ወር ተመላልሼ ዕቃው እንደ ሄደ ተመለሰ፤ ክዳኑ ብቻ ተሰንጥቋል። «ለምርመራ» ብሎም ገንዘብ ተቀበለኝ።

ሁለተኛው ይብሳል። ለሥራ ስመላለስ ትራንዚት የማደርግበት ከተማ ውስጥ አንድ የሚያብረቀርቅ የኦዲዮ መደብር አለ፤ አንዱ ስፒከር የመኪና ዋጋ ነው። ሻጩ መጀመሪያ ጫማዬን አየ፣ ከዚያ እኔን። «ይሄ ለሁሉም ይሆናል» ብሎ በ85 ዶላር መርፌ ሸጠልኝ። ቤት ስደርስ ከነጭራሹ አይገጥምም። በሚቀጥለው ጉዞ ይዤው ስመለስ «ከፍተሽዋል» አለኝ። ሳልከፍተው በምን ልሞክረው?

ባለፈው ዓመት ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ቶኪዮ ስሄድ አባዬ የተሰበረችውን መርፌ በጥጥ ጠቅልሎ በክብሪት ቀፎ ሰጠኝ። አንድ የአለማየሁ እሸቴ ሸክላም ጨመረልኝ፣ «በዚህ ሞክሪያት» ብሎ። ተስፋ አልነበረኝም፤ እንቢ ማለት ስላልቻልኩ ነው የያዝኩት።

አኪሃባራ የሚባለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሰፈር ውስጥ፣ ከጣቢያው በኤሌክትሪክ ታውን መውጫ ስትወጡ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ሥር ሬድዮ ሴንተር የሚባል ቦታ አለ። መርካቶን አስቡት፣ ግን ድምፅ የሌለው መርካቶ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ፣ ግራና ቀኝ ቁም ሳጥን የሚያክሉ ሱቆች፣ በየመሳቢያው ሽቦና ብሎን። ባቡር ሲያልፍ ከላይ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል።

ከአንዱ ሱቅ ውስጥ ሰባዎቹን ያለፉ የሚመስሉ አባት ተቀምጠዋል። የክብሪት ቀፎዋን አወጣሁ። ይስቁብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው፣ ሌላ አጉሊ መነጽር ዓይናቸው ላይ ሰክተው፣ መርፌዋን የአራስ ልጅ ጣት እንደሚይዝ ሰው ያዟት። ብዙ አዩዋት። ከዚያ ከስንቱ መሳቢያ መሃል አንዱን ሳይፈልጉ ሳቡት።

በስልክ አስተርጓሚ እያወራን ነው። የድሮዋን የሠራው ሹር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2018 እ.ኤ.አ. ይህን ሥራ አቁሟል አሉኝ። እሳቸው የሰጡኝን የሠራው የጃፓን ፋብሪካ ግን በ1873 እ.ኤ.አ. የልብስ ስፌት መርፌ በመሥራት የጀመረ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ ስለነበረች ይህን ስነግራት «እንዲያማ ከሆነ ያውቁበታል» አለች።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ። ደስ ሲለኝ ጊዜ «እንግዲያውስ አዲስ ማጫወቻም ልግዛለት» አልኩ፤ ገንዘቡም ነበረኝ። አባባ በሁለት እጃቸው አስቆሙኝ። «ኤሌክትሪካችሁ ስንት ቮልት ነው?» አሉኝ። እኔ ምን አውቄ! ስልኬ ላይ ፈልጌ 220 ስላቸው፣ የጃፓኑ 100 መሆኑን ጽፈው አሳዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። አትግዢ፣ የአባትሽ ይበቃል፣ አሉኝ። በቀን ስንት ደንበኛ እንደሚያዩ እንጃ፤ ግን ትልቁን ሽያጭ ራሳቸው ከለከሉኝና 6,000 የን ገደማ ብቻ ተቀበሉኝ።

በዚህም አላበቁም። ሸክላውን ሲያዩ ሱቁን ለጎረቤታቸው አደራ ብለው፣ ወንዙን ተሻግረን ኦቻኖሚዙ የሚባል ሰፈር ድረስ አሥር ደቂቃ በእግር ወሰዱኝ። እዚያ አሮጌ ሸክላ የሚሸጥበት ፎቅ አለ፤ የሙላቱ አስታጥቄን አልበም ከጃዙ መሃል አየሁት። ሸክላችንን በብሩሽ ጠርገው፣ አዲሷን መርፌ እዚያው ባለ ማጫወቻ ላይ ገጥመው አስቀመጧት። መጀመሪያ ሽሽሽ የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ አለማየሁ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። አባባ ቀና ብለው ጣሪያውን ያዩ ጀመር፤ እንዳላፍር ይመስለኛል።

ጉርሻ አይቀበሉም። ለአሠልጣኞቼ ካመጣሁት ቡና አንዱን ስሰጣቸው ግን ጎንበስ ብለው በሁለት እጅ ተቀበሉኝ፣ ልክ እንደኛ ሰው። ከፈቱና አሸተቱት።

ቶኪዮ የምትሄዱ፣ እባካችሁ ሌላ ቦታ አትንከራተቱ። ጠዋት በማለዳ አትሂዱ፣ እኔ ሄጄ ዝግ ነበር፤ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 5 ሰዓት በኋላ ይሻላል። የተበላሸውን ዕቃ ራሱን ወይም ፎቶውን ያዙ። የእሳቸውን ስምና ፎቶ አልለጥፍም፣ አልጠየቅኋቸውም፤ ኢንቦክስ ለምትመጡ ግን ሱቁን በካርታ እጠቁማለሁ። እንደሳቸው ያለ ሰው አላየሁም፣ ደግሜ እላለሁ አላየሁም!

አባዬ አሁን እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሸክላውን ይከፍታል። «ሰውየሽ ደህና ናቸው?» ይለኛል፣ በየሳምንቱ የምንደዋወል ይመስል። እና በቅርቡ የምትሄዱ ካላችሁ ንገሩኝ፤ የማደርሰው ግማሽ ኪሎ ቡና አለኝ።