ለአባባ የሰጠሁት የቫልቭ ሬዲዮ፦ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው አባባ ጋዜጣቸውን አጥፈው ይነሡና ሬዲዮውን ይከፍታሉ። ድምፁ ወዲያው አይመጣም። መጀመሪያ የጣቢያ መስታወቱ ቢጫ ሆኖ ይበራል፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ አረንጓዴዋ ዓይን፣ ጣቢያ በደንብ መያዙን የምታሳየው መብራት፣ ትገለጣለች፤ ሹሹታው የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። አጭር ሞገድ ላይ፣ ሬዲዮው ሳይሞቅ የተያዘ ጣቢያ እየተንሸራተተ ያመልጣል። አንድ ሰዓት ላይ የሚጀምረው የዶይቼ ቬለ የአማርኛ ስርጭት እንዳያመልጣቸው ቀድመው ያሞቁታል። ይህን እኔ አላስተማርኳቸውም። በልጅነታቸው ደሴ፣ ጎረቤት ቤት ከነበረው ሬዲዮ ያወቁት ነው።

ለእንቁጣጣሽ ስሰጣቸው "ሁለት ሳምንት ይሰሙትና የሳሎን ጌጥ ሆኖ ይቀራል" ያሉኝ ነበሩ። ይኸው ስምንት ወር ሆነው፤ መብራት ካልጠፋ በቀር ሳይከፈት ያደረበት ቀን የለም።

ሬዲዮው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ የተሠራ ግሩንዲግ ነው። ባለፈው ሰኔ ምናለሽ ተራ አግኝቼ በ8,000 ብር ገዛሁት። የጀርባ ክዳኑን ሳላስከፍት ግን ሂሳብ አልከፈልኩም። ቀድሜ ያየሁት የጣቢያ መስታወቱን ነው፤ እሱ ከተሰነጠቀ ምትክ ማግኘት ዘበት ነው። ከዚያ ቫልቮቹን፣ ማለትም እንደ አምፖል የሚግሉትን የመስታወት ቱቦዎች፣ አንድ በአንድ አየሁ። አናታቸው ላይ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ሽፋን አላቸው፤ ሽፋኑ ወደ ነጭ ከተለወጠ አየር ገብቶበታል፣ ቫልቩ ሞቷል ማለት ነው። በመጨረሻ ትራንስፎርመር እንዳለው አረጋገጥኩ። ትራንስፎርመር የሌላቸው አሮጌ ሬዲዮዎች አሉ፤ በእነሱ የቤቱ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ከውስጠኛው የብረት አካል ጋር ይገናኛል። ቢረክሱም ለስጦታ አይሆኑም፤ ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ ጨርሶ አይመከሩም።

ስህተት የሠራሁት ማታ ነው። ሻጩ "ይሠራል" ስላለኝ ቤት እንደገባሁ ሰካሁት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ነቀልኩት፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የተቃጠለው ሬክቲፋየሩ፣ ማለትም የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠው የሴሊኒየም ክፍል መሆኑን ያወቅኩት በሳምንቱ፣ የሚጠግኑልኝን ሰው ካገኘሁ በኋላ ነው። እኚህ አባት ፒያሳ ሳይፈርስ ሱቃቸው እዚያ ነበር፤ አሁን ቤታቸው በረንዳ ላይ ይሠራሉ። የሠራሁትን ስነግራቸው አልተቆጡም። "ሁዳዴ የጾመ ሆድ እንኳን ተልባ ይቀድመዋል፤ ሠላሳ ዓመት የተኛን ሬዲዮ እንዴት በቀጥታ ትሰካዋለህ?" ነበር ያሉኝ።

የእሳቸው ተልባ ባለ 60 ዋት አሮጌ አምፖል ነበር። በሬዲዮውና በግድግዳው ሶኬት መካከል በተከታታይ ያገናኙታል። ውስጡ ሾርት ያደረገ ነገር ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራና ሬዲዮው ይተርፋል፤ ጤነኛ ከሆነ ትንሽ በርቶ ይደበዝዛል። የእኛ ቦግ አለ።

ጥገናው ሰባት ሳምንት ፈጀ። ሴሊኒየሙ በሲሊከን ዳዮድ ተተካ። ሲሊከኑ የበለጠ ቮልት ስለሚያሳልፍ፣ ቫልቮቹን እንዳይጎዳ ቮልቱን የሚቀንስ አንድ ትልቅ ሬዚስተር ታከለበት። በሰም የታሸጉት የወረቀት ካፓሲተሮች (ቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ አግደው ድምፁን የሚያሳልፉ ትንንሽ ክፍሎች) በሙሉ ወጡ። ከእነሱ አንዷን ሳይነቅሉ በፊት ጠርተው አሳዩኝ፤ ድምፁን ወደ መጨረሻው ቫልቭ፣ ወደ ኢኤል 84 የምታሻግረው ናት። መለኪያቸውን ቫልቩ እግር ላይ አሳረፉት፤ ዜሮ መሆን ሲገባው 4 ቮልት አነበበ። "ይህቺን ሳትቀይር ትተህ ሌላውን ሁሉ ብትቀይር፣ ቫልቩ እንደ ፍም ይቀላና የድምፁን ትራንስፎርመር ይዞ ይሄዳል" አሉኝ። መጠኗ ከባቄላ ፍሬ ብዙም አትበልጥም፤ ዋጋዋም የአንድ ቡና አይሞላም። አሮጌ ሬዲዮ ለምትገዙ ሁሉ ከልቤ የምለው ይህን ነው፦ ገንዘባችሁ ለሳጥኑ ቀለም ሳይሆን ለእነዚህ ይዋል። "ታድሷል" ተብሎ ሲቀርብላችሁ ውጩ ሲያበራ አትመኑ፤ ክዳኑን አስከፍቱና ካፓሲተሮቹን እዩ።

የደከመው ኢኤል 84 እና የአረንጓዴዋ ዓይን ቫልቭ፣ ኢኤም 84፣ እዚህ አልተገኙም። የአክስቴ ልጅ ከፍራንክፈርት ስትመጣ በካልሲ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ለጥገናው 7,500 ብር ከፈልኩ።

ሳጥኑን አናጺ ልጦ እንደ አዲስ ቫርኒሽ ሊቀባው ፈልጎ ነበር፤ አልፈቀድኩም። አናቱ ላይ የብርጭቆ ክብ ምልክትና የሲጋራ ጠባሳ አለ። በለስላሳ ጨርቅ ወልውዬ በሰም አሸሁት፤ ሌላ አልነካሁትም። አባባ ሲቀበሉኝ መጀመሪያ ጣታቸው ያረፈው ጠባሳው ላይ ነው። "ይሄ ሰውዬ ዜና እየሰማ ሲጋራውን ረስቶት ነው" አሉ። ከዚያ እሳቸው ብስራተ ወንጌልን እንዴት ይሰሙ እንደነበር አጫወቱኝ። ያ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር እሳቸው ገና ተማሪ ነበሩ።

ያልጠበቅኩት ችግር ኤፍ ኤሙ ነው። በዚያ ዘመን የጀርመን ኤፍ ኤም 100 ሜጋኸርዝ ላይ ያበቃ ነበር። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 እና ፋና 98.1 ጥርት ብለው ይገባሉ፤ የአባባ ሸገር 102.1 ግን ከመስታወቱ ውጭ ቀረ። ጠጋኙ ማስተካከያውን ጥቂት አዙረው ክልሉን በሙሉ ወደ ላይ አሳደጉት። ሸገር ገባ፤ በምትኩ መስታወቱ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ በሦስት ያህል ይሳሳታል፣ የታችኞቹ ጣቢያዎችም ወጡ። አባባ ቁጥሩን ትተውታል። መርፌው ለሁሉም ሞገድ አንድ ስለሆነ መካከለኛ ሞገዱ ላይ በተጻፉት የከተማ ስሞች ነው የሚያስታውሱት። እናቴ ከማድ ቤት "ሸገርን ክፈቱት" ስትል "ሉክሰምበርግ ላይ ናት" ይላሉ።

ድምፁን ከስልክ ወይም ከዘመናዊ ስፒከር ጋር ማወዳደር አልወድም፤ ሥራቸው ይለያያል። የሰው ንግግር ግን በዚህ ሬዲዮ እንደሚሰማው ሆኖ ሌላ ቦታ አልሰማሁም። ተናጋሪው ትንፋሽ ሲወስድ ይሰማል። ጆሯቸው ለደከመው አባባ ዋናው ጥቅም ይህ ነው፤ ድምፁን ከበፊቱ በግማሽ ቀንሰው ይሰማሉ፣ ቃሉም አያመልጣቸውም። ክራርም ያምርበታል።

ጉድለቱን ደግሞ ልናገር። መካከለኛ ሞገድ ላይ የኢትዮጵያ ሬዲዮን በ873 ኪሎኸርዝ ስንፈልግ መጀመሪያ የሰማነው እንደ ንብ የሚያናፋ ድምፅ ብቻ ነበር። ምክንያቱን ያገኘነው የሳሎኑን ኤልኢዲ አምፖል ስናጠፋ ነው፤ የስልክ ቻርጀርም እንዲሁ ይረብሸዋል። አሁን በዚያ ሰዓት ኮሪደሩ ብቻ ነው የሚበራው። 50 ዋት ያህል ስለሚበላ ጀርባው ይግላል፤ ከግድግዳ አራት ጣት አርቀነዋል፣ አናቱ ላይም የዳንቴል ልብስ አይደረግም (እናቴን ለማሳመን ጊዜ ወስዷል)። እኛ ሰፈር ማታ ማታ ቮልቱ 235 ስለሚደርስ ጠጋኙ ከኋላ ያለውን መምረጫ ከ220 ወደ 240 ቀይረውታል። መብራት ሲሄድ አባባ ወዲያው ያጠፉታል፤ ተመልሶ ሲመጣ በኃይል ስለሚመጣ። ለጨለማው ጊዜ ባለ ባትሪዋ ትንሿ ሬዲዮ ዛሬም አልጋቸው ራስጌ አለች።

ከመጋቢት ወዲህ የአጭር ሞገዱ ቁልፍ ሲጫን ይንጫጫል፤ ውስጡ አቧራ ይዞ ይሆናል፣ ለጽዳት እወስደዋለሁ። አረንጓዴዋ ዓይንም እንደ መጀመሪያው አትደምቅም፤ የእሷ ዓይነት ቫልቭ ቶሎ ይደበዝዛል። የአክስቴ ልጅ ሁለት ነበር ያመጣችው፤ ሁለተኛው እስካሁን ከነካልሲው መሳቢያ ውስጥ አለ። "ልቀይርላችሁ?" ብዬ ነበር። አባባ አጎንብሰው አዩዋትና "ገና ታያለች፤ ተዋት" አሉ።