በሀዋሳ “ሙሉ የዓይን ሕክምና” እየተባለ ለግልገል ድመቶች ስለሚሸጠው ጠብታ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ

በሀዋሳ ከመንገድ ያነሣችኋትን ግልገል ድመት የምታሳድጉ ሁሉ፣ ዓይኗ ቢያብጥና በዓይናር ቢጣበቅ፣ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ በአንድ ጊዜ ክፍያ “ሙሉ የዓይን ሕክምና” እሰጣለሁ ለሚላችሁ ሰው ገንዘብ ከማስረከባችሁ በፊት የሚከተለውን እንድታነቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሻጩን ማንነት አልገልጽም፤ ተመሳሳይ ቃል እየተናገሩ ተመሳሳይ ብልቃጥ የሚሸጡ ሌሎችም እንዳሉ ከጎረቤቶቼ ስለሰማሁ፣ በይበልጥ መታወቅ ያለበት አሠራሩ ነው።

ግልገሏን ወደ ቤት ያመጣቻት የእህቴ ልጅ ስትሆን ያገኘቻትም አሞራ ገደል፣ ከዓሣ ገበያው አጠገብ ነው። ታስነጥሳለች፣ ሁለቱም ዓይኖቿ ያነባሉ፣ ቀኙን ደግሞ ጨርሶ መግለጥ አልቻለችም። በሰው ጥቆማ የተጠራው ሻጭ የእንስሳት ጤና ባለሙያ መሆኑን ነግሮን 2,400 ብር አስቀድሞ ከተቀበለ በኋላ፣ ዓይኗን በስልኩ መብራት ለአፍታ ተመለከተና “ሞራ ጀምሯታል፤ ይህ ጠብታ ይገፍፈዋል” አለ። ስሙን ያልነገረንን አንድ መርፌ ወጋት፤ ማሸጊያው ቀድሞ የተከፈተ የጠብታ ብልቃጥም ሰጠን፤ በብልቃጡ ዙሪያ “በቀን 4 ጊዜ” የሚል በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎበታል። ለትኩሳቷም የሰው ፓራሲታሞል ሩብ ፍሬ እንድንሰጣት መከረን። ደረሰኝ ስንጠይቀው፣ ደረሰኝ የሚቆርጠው ሱቅ ያለው ሰው ነው የሚል መልስ ሰጥቶን ሄደ።

ሰውን የሚያዘናጋው ከዚህ በኋላ የሚታየው ለውጥ ነው። ጠብታው በተጀመረ በማግስቱ ቅላቱ ቀነሰ፣ እብጠቱም ጎደለ፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ሻጩን ማመስገን ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ግን የቀኝ ዓይኗን መካከል ደመና የመሰለ ነጭ ነገር ጋረደው፤ ግልገሏም ብርሃን እየሸሸች አልጋ ሥር መዋል ጀመረች። የተለጠፈውን ወረቀት በውኃ አርሰን ስንልጠው ከሥሩ የፋብሪካው ጽሑፍ ወጣ፤ ጄንታማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ከዴክሳሜታዞን ጋር የተቀላቀለበት፣ ለሰው የተሠራ፣ የአገልግሎት ጊዜውም ያለፈበት ጠብታ ነበር።

ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ ብግነትን ስለሚያፍን የታመመ ዓይን በፍጥነት የዳነ ያስመስለዋል፤ ነገር ግን በዓይን ፊት ለፊት የሚገኘው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ ማለትም ኮርኒያ፣ ቁስለት ካለበት ቁስለቱ ቶሎ እንዳይሽር ያደርገዋል፤ ሽፋኑን የሚያሟሙ ኢንዛይሞች እንዲበረቱም ሊያግዝ ይችላል። የድመት ኮርኒያ ውፍረት ከ1 ሚሊሜትር በታች በመሆኑ፣ እየጠለቀ የሄደ ቁስለት ዓይኑን እስከ መብሳት ሊደርስ ይችላል። ከዚህም በላይ በመንገድ ግልገሎች ላይ የዓይን ሕመም ከሚያመጡት ዋና ዋናዎቹ አንዱ የድመት ሄርፐስ ቫይረስ ነው፤ ወደ ሰው ባይተላለፍም ኮርኒያን የማቁሰል ባሕርይ አለው፣ አንዴ ከያዘ በኋላ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ዕድሜ ልክ ይኖራል፣ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም፣ በስቴሮይድ ሳቢያም ጭምር፣ እንደገና ይነሣል። ካሊሲ የተባለው ሌላ የድመት ቫይረስ፣ እንዲሁም ክላሚዲያ ፌሊስና ማይኮፕላዝማ የተባሉት ባክቴሪያዎችም ተመሳሳይ ዓይናርና እብጠት ስለሚያመጡ፣ በስልክ መብራት አይቶ መንስኤውን መለየት ለማንም የሚቻል ነገር አይደለም።

ስለ “ሞራው”ም አንድ ነገር ማለት ይገባል። ሞራ የሚባለው ከብሌኑ በስተጀርባ ያለው የዓይን ሌንስ ሲጋረድ የሚፈጠር ችግር ሲሆን፣ በሰውም በእንስሳም በጠብታ የሚገፈፍበት መንገድ የለም፤ የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ነው። እያነባና እያበጠ በሰነበተ የግልገል ዓይን ላይ የሚታይ ነጭ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የኮርኒያ ጉዳት ስለሆነ፣ ሞራ ነው ብሎ ጠብታ የሚሸጥ ሰው ወይ ዓይኑን አልመረመረም፣ ወይ እያወቀ ያታልላል። የፓራሲታሞሉ ምክር ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነበር፤ የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት የማስወገድ አቅሙ እጅግ ደካማ በመሆኑ፣ ትንሽ መጠን እንኳ ደሟ ኦክስጅን እንዳይሸከም አድርጎ ሊገድላት ይችላል። ደግነቱ የእህቴ ልጅ ይህን ቀድማ ታውቅ ስለነበር አልሰጠናትም።

በኋላ ግልገሏን ያዩልን የእንስሳት ሐኪም መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ፍሎረሲን የተባለውን ቀለም ዓይኗ ላይ ማድረግ ነበር። ቀለሙ ጤነኛ ኮርኒያ ላይ አይዝም፤ የቆሰለው ቦታ ላይ ግን ይቀርና በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ምርመራው የደቂቃዎች ጉዳይ ሲሆን፣ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ከመታዘዙ በፊት ሊደረግ የሚገባው ይኸው ነው። ሐኪሙ ጠብታውን ወዲያው አስቁመው ስቴሮይድ የሌለው የአንቲባዮቲክ ቅባት አዘዙላት፤ ክላሚዲያም በመጠርጠራቸው በክብደቷ የተለካ ዶክሲሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ለ4 ሳምንታት በአፍ እንድትወስድ አደረጉ፤ ክኒኑ ጉሮሮዋ ላይ ተጣብቆ እንዳያቆስላት በእያንዳንዱ ጊዜ ውኃ እንድናስከትል ደጋግመው አሳሰቡን። ዓይናሩን የምናጸዳውም ፈልቶ ለብ ባለ ውኃ በነከርነው ጥጥ፣ ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ጥጥ እየተጠቀምን ነበር። የሻይ ውኃ ወይም የጡት ወተት ጠብ አድርጉበት የሚሉ ጎረቤቶች አልጠፉም፤ በቅንነት የተነገረ ቢሆንም ለቆሰለ ዓይን ባክቴሪያ መጨመር ነው። ክላሚዲያ ፌሊስ አልፎ አልፎ የሰውንም ዓይን ስለሚይዝ እጅ መታጠብ አይዘንጋ፤ የመንገድ ድመት ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ስላለ፣ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በውኃ አጥቦ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

የግራ ዓይኗ ድኗል፤ በቀኙ ላይ ግን ጠባሳ ቀርቷል።

እንግዲህ እንደ ሸማች የምንጠይቀው ነገር ብዙ አይደለም፤ መጠየቁን ግን ማፈር የለብንም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የእንስሳት መድኃኒት ንግድም በአዋጅ ቁጥር 728/2004 መሠረት የብቃት ማረጋገጫ የሚጠየቅበት ሥራ እንጂ በቦርሳ ይዞ ቤት ለቤት የሚዞሩበት አይደለም። ስለዚህ የባለሙያውን ፈቃድ፣ የመድኃኒቱን ካርቶን፣ በፋብሪካው የታተመውን ስምና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ሳታዩ አትክፈሉ፤ በስሙ ውስጥ ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚል ካለ፣ ሁሉም ስቴሮይዶች ስለሆኑ፣ ዓይኗ በቀለም ተመርምሮ እንደሆነ ጠይቁ። ለ“ፓኬጅ” ሙሉ ክፍያ አስቀድሞ መፈጸም በተለይ አይመከርም፤ የዓይን ሕመም መድኃኒቱ እንደ ምርመራው ውጤት የሚቀያየር በመሆኑ፣ ገና ሳይመረመር ዋጋው ተቆርጦ የተነገረ ሕክምና የመድኃኒት ሽያጭ ብቻ ነው። ሀዋሳ በዩኒቨርሲቲዋ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚሰጥባት ከተማ ስለሆነች፣ የተማረ ሐኪም ጠይቆ ማግኘት እንደ ሌሎች ከተሞች አይከብድም።

ገንዘባችን እንዲመለስ ሻጩን ስንጠይቀው በምትኩ ሌላ ብልቃጥ ሊሰጠን ፈቃደኛ መሆኑን ነገረን፤ አልተቀበልነውም። የመጀመሪያውን ብልቃጥ ግን ከተላጠው ወረቀት ጋር አስቀምጠነዋል፣ ክፍያው በባንክ የተላለፈበትንም ማስረጃ ይዘናል። ተመሳሳይ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ ብልቃጡን አትጣሉ፤ ደረሰኝ በሌለበት ግዢ አቤቱታ ለማቅረብ በእጃችሁ የሚቀረው ማስረጃ እሱና የክፍያው መረጃ ነው።