የሸዋ በሩን ታፔላ ጸሐፊ እወቁልኝ

ደሴ ውስጥ ሱቅ፣ ቁርስ ቤት፣ ጋራዥ፣ ብቻ የሆነ ነገር ልትከፍቱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ባነር ከማሳተማችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ረዘም ትላለች፣ አፉ በሉኝ። ሸዋ በር አካባቢ እስካሁን ታፔላ በእጃቸው የሚጽፉ አንድ ጋሼ አሉ። ስማቸውን አልጽፍም። "ፌስቡክ ላይ እንዳታወጪኝ፣ ሥራ ያስረፈድኩባቸው ሁሉ ተሰብስበው ይመጡብኛል" ብለውኛል። እውነታቸውን ነው፣ ያስረፍዳሉ። እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ስማር ቆይቼ ዘንድሮ ነው የጨረስኩት። መመረቂያ ፕሮጀክቴን ያገኘሁት እሳቸው ጋ ነው። በትክክል ለመናገር፣ ብሩሻቸውን የሚጠርጉበት ላሜራ ላይ ነው ያገኘሁት።

ከመስከረም እስከ ጥር ሦስት ሐሳብ አቅርቤ ሦስቱም ወድቀውብኝ ነበር። የመጀመሪያው "ብቸኝነት" የሚል ነው። ስለሱ ባንነጋገር ደስ ይለኛል። ሁለተኛው የገበያ ሴቶች ነበር። ሰኞ ጠብቄ ባቲ ወርጄ፣ ያንን ሁሉ ፀሐይ ችዬ፣ ስልኬ እስኪሞላ ፎቶ አንስቼ ተመለስኩ። አማካሪዬ ንድፎቹን አገላብጦ አየና "ታደሰ መስፍንን ታውቂዋለሽ?" አለኝ። እንዴት አላውቀውም! የወልድያ ሰው ነው፣ የኛው የወሎ ልጅ፣ ስንቱን ሰዓሊ ያስተማረ። ጉልት የሚቸረችሩ ሴቶችን እንደ ዓምድ ቀጥ አድርጎ አቁሞ ሲስል ዓለም ያየው ሰው ነው። "እንግዲያው እሱ ያላየውን አንቺ ምን አየሽ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሦስተኛው ላይ ፊደል እሠራለሁ ብዬ መጣሁ። አሁን ደግሞ "ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍስ?" አለኝ። ፊደልን የሥዕሉ ቋንቋ ያደረገው ወሰኔ እኔ ሳልወለድ ነው እኮ! አማካሪዬን አልተቀየምኩም። ግን ማታ አለቀስኩ።

ያኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፣ ምናልባት አሁን እንደኔ የተቸገረ ተማሪ ካለ። ስልኬ ላይ "ኢንስፒሬሽን" የሚል ፎልደር ነበረኝ። ከፒንተረስት የለቀምኳቸው ከ600 በላይ ሥዕሎች አሉበት። ጠዋት ተነስቼ አያለሁ፣ ታክሲ ውስጥ አያለሁ፣ ማታ አያለሁ። ባየሁ ቁጥር እጄ ይተሳሰራል። አንድ መስመር ስስል "ይሄ የእገሌን ይመስላል" እላለሁና እሰርዘዋለሁ። የሠራሁት ሥራ ሳይሆን የሰረዝኩት ነበር የሚበዛው።

ለጥምቀት ቤት መጣሁ። እናቴ ፊቴን አይታ ምንም አልጠየቀችኝም። በማግስቱ ግን አክስቴ ጋ ላከችኝ። አክስቴ ቁርስ ቤት ልትከፍት ነው፣ ታፔላ ትፈልጋለች፣ "አንቺ ሰዓሊ አይደለሽ? ሂጂና አሠሪልኝ" ተባልኩ። ባነር እናሳትም ብላት አሻፈረኝ አለች። የጎረቤቷ ባነር ዓመት ሳይሞላው በደሴ ንፋስ ተቀዶ ግማሹ ብቻ ሲውለበለብ አይታለች። "የምግብ ቤት ስም ተቀዶ ሲንጠለጠል ደግ አይደለም" አለች። አክስቴ እንዲህ ናት።

ጋሼ ቤት ስደርስ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ዋጋ አልነበረም፣ ቀለምም አልነበረም። "ስሙ ስንት ፊደል ነው?" አሉኝ። ቆጠርኩላቸው። ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት አሹ፣ ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት ቀቡ፣ "ነገ ነይ" አሉ። ነገ ስመጣ መደቡን ቀብተው "ነገ ነይ" አሉ። በሦስተኛው ቀን ክር ጠመኔ አሽተው ላሜራው ላይ ወጥረው ጠብ ሲያደርጉት መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። ከዚያ ታችኛው መስመር ላይ "ቁርስ ቤት" ሊጽፉ ሲሉ ከ"ቁ" ይጀምራሉ ብዬ ስጠብቅ መሀል ላይ "ስ"ን ጻፉ። ብቻዋን። አምስት ፊደል ነው፣ ሦስተኛዋ መሀል ናት፣ ከሷ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወጣሉ። እንዲህ ከሆነ ጽሑፉ ወደ አንድ ወገን አያጋድልም። ኮምፒውተር ላይ አንዴ በመጫን የሚደረገውን እሳቸው በዓይን ይመዝኑታል።

አፌን ከፍቼ ሳይ ጊዜ ብሩሽ ሰጡኝ። ጫፉን በምላጭ ከርክመው ጠፍጣፋ ያደረጉት ብሩሽ ነው። "እስኪ 'በ'ን ጻፊ።" ጻፍኩ። እግሮቿ ተንቀጠቀጡ።

"ስንት ዓመት ተማርሽ?"

"አራት።"

"ምን ስትሠሪ?"

"ሥዕል።"

"እና 'በ' ሥዕል አይደለችም?"

እዚያው ዱካ ላይ ተቀምጬ ስጽፍ ዋልኩ። ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። 33ቱ ፊደል በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ነው፣ እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው። "ቁ" ወገቧ ላይ ጭረት አላት፣ ትንሽ ከፍ ካለች ታስቃለች። "ቤ" እግሯ ላይ ቀለበት አላት፣ ቀለም ከበዛ ቀለበቷ ይደፈንና ሌላ ነገር ትሆናለች። ከሩቅ የሚነበብ ፊደል ከቅርብ ትንሽ ይወፍራል። ይሄን ሁሉ ትምህርት ቤት አላገኘሁትም። (በነገራችን ላይ "ጨ" በጣም ታስቸግራለች። ጨርቃ ጨርቅ ለሚሸጥ ሰው ሲጽፉ ዋጋ እንደሚጨምሩ ነግረውኛል። ቀልድ ይሁን እውነት አላወቅኩም።)

ላሜራውን ያየሁት እዚያ ስቀመጥ ነው። ከበሩ ጀርባ፣ ግድግዳ ላይ የቆመ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ብረት። ብሩሽ በቲነር ከማጠባቸው በፊት ትርፉን ቀለም እሱ ላይ ይጠርጉታል። በቃ። ግን ይሄን ያደረጉት ከሠላሳ ዓመት በላይ ነው። ቀለም በቀለም ላይ ተደራርቦ እንደ ደረቅ ቆዳ ወፍሯል፣ አንዳንድ ቦታ ጣት ያክላል። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ የክሬም ቀለም፣ አንድ የማይረሳ ሐምራዊ። በየትኛውም ፎልደሬ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ቆሻሻ።"

"ይሄ አረንጓዴስ?"

ዞር ብለው አዩት። "እሱ የመድኃኒት ቤት ነው። ከዚያ ሥር ያለው ሥጋ ቤት። ባለቤቱ ቀዩን አድምቀው አድምቀው ብሎ ገድሎኝ ነበር።"

ደብተሬን አወጣሁ። ከዚያ በኋላ ለ11 ቀን የሠራሁት ይሄንኑ ነው፣ ቀለም እየጠቆምኩ "ይሄስ የማን ነው?" ማለት። እሳቸው እየጻፉ ይመልሱልኛል። ሁሉንም አያስታውሱም። "ይሄ ጠፋኝ፣ ወላሂ" ይላሉ፣ ከሰዓት በኋላ ሻይ እየጠጡ ድንገት "አዎ! የሰዓት ሠሪው ነው!" ብለው ይጮኻሉ። ከዚያ እኔ ከተማውን እዞራለሁ። ፒያሳ፣ አራዳ፣ ሰኞ ገበያ፣ ሆጤ። ያሉኝን ታፔላ እፈልጋለሁ። አንዳንዱ አለ፣ ዝጎ። ብዙው ባነር ተለብሶበታል። ከባነሩ ጠርዝ ሥር አንድ የ"ት" ጫፍ ብቅ ብላ ሳያት ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ ይለኝ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ፈቃድ ጠይቄ ጥጉን በምላጭ ፋቅሁት። "አብሽሪ፣ ቆሻሻ ነው አልኩሽ እኮ" አሉኝ። ስፍቀው ንብርብሩ እንደ ተቆረጠ እንጨት ወጣ። ከሥር፣ ከብረቱ ጋር የተጣበቀው፣ ቀይ ነው። ሌላ ምንም የለም፣ ቀይ ብቻ። ልጅ ሆነው ለቀበሌ መፈክር ሲጽፉ የነበረው ቀለም ነው፣ በደርግ መጨረሻ። ከሱ በላይ ድንገት ሁሉም ዓይነት ቀለም ይመጣል። "ከ83 በኋላ ሁሉም ሰው ሱቅ ከፈተ" አሉኝ። ቀጥሎ ሐምራዊው አለ፣ ቪዲዮ ቤቶች ይወዱት ነበር አሉ። ወደ ላይ በመጣን ቁጥር ንብርብሩ እየሳሳ ይሄዳል። ባነር ማተሚያው ስለመጣ ነው። ሥራው እንዴት እንደቀነሰ ሳይነግሩኝ በምላጩ አየሁት።

ከላይ ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ አንድ ቀለም የሌለው ቀጭን መስመር አለ። ግራጫ፣ ሸካራ። መጀመሪያ ፕራይመር፣ ከቀለም በፊት የሚቀባው መደብ፣ መስሎኝ ነበር። ስጠይቃቸው ብሩሹን አስቀመጡ።

"አቧራ ነው" አሉ። "በ2014፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ ጦርነቱ እዚህ የገባ ጊዜ። ቤቱ ተዘግቶ ነበር። ስመለስ በሩ ተሰብሯል፣ ቀለሙን ወስደውታል። ይሄን ማን ይወስደዋል? አቧራ ለብሶ ቆመ። አቧራውን ሳልጠርግ በላዩ ሥራ ጀመርኩ። ያኔ የተሰባበረ ታፔላ የሚያሠራ ብዙ ነበር።"

ብሩሹን መልሰው አነሱ። እኔም ሌላ አልጠየቅኩም። እኔም በዚያ ወር የት እንደነበርኩ አውቃለሁ፣ የደሴ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ማታ ለአማካሪዬ ረጅም ቮይስ ላክሁለት። ዝም ብሎ ቆይቶ "ይሄን ይዘሽ ነይ" ብሎ መለሰ።

ሥራዬን ባጭሩ ልንገራችሁ። አራት ላሜራ ገዛሁ። የነገሩኝን ቀለሞች በየተራቸው፣ ከሥር ወደ ላይ፣ ቀባሁ። እያንዳንዱ እስኪደርቅ መጠበቅ ነበረብኝ፣ አንዴ ቸኩዬ ሁለት ሳምንት የፈጀ ንብርብር እንደ ሊጥ ተንሸራተተብኝና ሙሉውን ጣልኩት። ለግራጫው መስመር ከጋሼ በር ላይ በፌስታል የወሰድኩትን አቧራ እርጥብ ቀለም ላይ በተንኩ። ከዚያ በምላጭ ፋቅሁ። አንድም ፊደል የለበትም። ደብተሩን ብቻ አጠገቡ አስቀመጥኩ፣ የትኛው ቀለም የማን እንደሆነ የሚል። ለግምገማ ከመጡት አንዷ መምህር አፍንጫቸው ብረቱን እስኪነካ ጠጋ ብለው ቆዩና "ሐምራዊው የማን ነው?" አሉ። ደስታዬን አልነግራችሁም።

አሁን ወደ ጥቆማው። የጋሼ ሥራ ከባነር ይወደዳል። ላሜራው፣ አንቲረስቱ፣ ቀለሙ ሁሉም ተወዷል፣ አትከራከሯቸው። ግን የአክስቴን ታፔላ ሄዳችሁ እዩት፣ ዝናብ መታው፣ ፀሐይ መታው፣ "ቤ" ቀለበቷ አልደበዘዘም። የፊደል ጥላ ይሠራሉ፣ ልዩ ነው፣ ካልጠየቃችሁ ግን አይሠሩም። ለአይሱዙ ካቢኔም ይጽፋሉ። ቴሌግራም የላቸውም፣ ንድፍ በስልክ ላኩልኝ እንዳትሉ። ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ ፊደሉን ቆጥራችሁ። አርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ጁምዓ ናቸው። "ነገ" ካሏችሁ ከነገ ወዲያ ሂዱ። "ከነገ ወዲያ" ካሏችሁ ሳምንት ጠብቁ።

ክረምት ላይ ደግሞ ደሴ ጉም ውስጥ ስለሆነች የዘይት ቀለም አልደርቅ ይላል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ሥራ ይዘው የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ይሠራሉ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ግን ሞቃት ነው፣ ጠዋት የጻፉት ማታ ይነካል። የኮምቦልቻ ሰዎች ያኔ ያዟቸው።

የሥነ ጥበብ ተማሪዎችም ሂዱ፣ ግን ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ሻይ ይወዳሉ። ደግሞ የሥራ ሰው ናቸው፣ ቆማችሁ ብቻ ስታዩ አይወዱም፣ ብሩሽ ይሰጧችኋል። "በ"ን አስቀድማችሁ ተለማመዱ።

አሮጌውን ላሜራ እንዲሸጡልኝ ለምኜ ነበር። "ታዲያ ብሩሼን በምን ልጥረግ?" አሉኝ። አዲስ ገዝቼ ወሰድኩላቸው። በሩ ጀርባ አቁመው ያንን ቀን የያዙትን ሰማያዊ ጠረጉበት፣ አንድ ጊዜ፣ ከላይ ወደ ታች። አሮጌውን በአሮጌ አንሶላ ጠቅልለው ሰጡኝ። 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አዲስ አበባ መጣ። ረዳቱ "የጣሪያ ቆርቆሮ ነው?" ብሎ የዕቃ አስከፈለኝ፣ አልተከራከርኩም።

አሁን መኝታ ቤቴ ቆሟል። ስለዚህ እዚያ ስትሄዱ ከበሩ ጀርባ የምታዩት አዲሱን ነው፣ ገና ስስ ነው።