ወገቤን በሜትር ለለኩልኝ ሲስተር

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ስምንት ወር ታግሻለሁ፤ ውጤቱን በዓይኔ ሳላይ አፌን መክፈት አልፈለግሁም።

ዓይነት 1 ስኳር የያዘኝ በ14 ዓመቴ ነው፤ ኢንሱሊን ስወጋ ይኸው 19 ዓመት ሆነኝ። ቀጭን ነበርኩ። ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ ግን ሆዴ እየገፋ፣ ኪሎዬ እየጨመረ መጥቶ 78 ገባ። ድሮ የምከታተልበት ቦታ በሄድኩ ቁጥር የጾም ስኳሬን ያዩና "ከፍ ብሏል፣ ሁለት ዩኒት ጨምሪ" ብለው ይሸኙኛል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ በቀን 70 ዩኒት ደረስኩ። ሌሊት ስኳሬ ወርዶ በላብ ተጠምቄ እነቃለሁ፤ ስኳር በጥብጬ ጠጥቼ፣ በላዩ ዳቦ እበላለሁ። ጠዋት ስለካው 280።

ቤት ስቀይር ክትትሌን ቄራ አካባቢ ወዳለ ጤና ጣቢያ አዛወርኩ። የስኳር ክፍሏ ሲስተር ካርዴን ሳይገልጡ "እስቲ ልብስሽን ከፍ አድርጊው ልጄ" አሉኝ። እምብርቴ ዙሪያ በጣቶቻቸው ቀስ ብለው ዳበሱ። በቀኝ በኩል ትንሽ ሎሚ የሚያክል እብጠት አለ፣ ሲነኩት አያምም።

"ሁልጊዜ እዚሁ ነው የምትወጊው?"

"አዎ፣ እዚህ ስለማያመኝ።"

ለካ አንድ ቦታ ሲደጋገም ቆዳው ሥር ስብ ይጠራቀማል፤ እዚያ የተወጋ ኢንሱሊን አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ በድንገት ይለቀቃል። እኔ መድኃኒት አነሰኝ ብዬ እጨምራለሁ፣ ሲወርድብኝ እበላለሁ፣ እወፍራለሁ። የሆድ ስብ ደግሞ ኢንሱሊኑ በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል።

ከዚያ የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥተው ወገቤን ለኩ፤ 98። ደም ግፊቴ 142/92። ላቦራቶሪ ላኩኝ፤ ትራይግሊሰራይድ (ደም ውስጥ ያለ ስብ) 236፣ ጥሩው ኮሌስትሮል 38። ቁጭ አድርገው አስረዱኝ፤ ወገብ፣ ግፊት፣ ትራይግሊሰራይድ፣ ጥሩው ኮሌስትሮልና የደም ስኳር ታይተው ከአምስቱ ሦስቱ ከተዛቡ ሜታቦሊክ ሲንድረም ይባላል። "አንቺ ስኳሩ መቼም አለብሽ፤ ሁሉም እሱን ብቻ ስለሚያይ ሌላው ይረሳል። ልብሽንና ኩላሊትሽን ግን ሌላውም ይጎዳል" አሉኝ። በ19 ዓመት ውስጥ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

በዚያው ቀን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረው ዩኒቴን አስቀነሱልኝ፤ ደህና ቆዳ ላይ ስወጋ ቶሎ እንዳይወርድብኝ ብለው ነው። የግፊት ክኒን ከመታዘዙ በፊት እንኳ ለማርገዝ አስቤ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ለጽንስ የማይሆኑ ክኒኖች ስላሉ ነው። የምወጋበትን ቦታ በየሳምንቱ እንዳዞር በወረቀት ሥለው ሰጡኝ፤ ወረቀቷ እስካሁን ፍሪጄ ላይ ተለጥፋለች። በጾም ወቅት ሳህኔን በፓስታና በድንች ሞልቼ ጾምኩ እል ነበር፤ አሁን ግማሹ ጎመን ነው።

ዛሬ 48 ዩኒት ነው የምወጋው። ወገቤ 90፣ ኪሎዬ 71፣ ግፊቴ 124/80። ሌሊቱን ሙሉ እተኛለሁ! እናቴ ስታየኝ አለቀሰች።

አንድ ነገር አደራ፦ ዓይነት 1 ያላችሁ፣ ከሳችሁም አልከሳችሁ ኢንሱሊን አይቆምም፤ በራሳችሁም አትቀንሱ።

ሲስተር፣ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ነው የተውኩት። መታየት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጤና ጣቢያውን እጠቁማችኋለሁ። ስትሄዱ የለካችሁበትን ደብተር ያዙ፤ ገጽ በገጽ ነው የሚያዩት።