ቦካሺ ባልዲ፦ እርጥቡን ካወጣችሁ የቀረው ይቀላል

ቆሻሻ ስለመለየት ሲነሳ የሰው ሁሉ ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ፕላስቲክ ነው። ጠርሙሱ እዚህ፣ ወረቀቱ እዚያ፣ ጣሳው ወዲያ። ከዚያ ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ቀለም መጣያ ይገዛል፣ ለጥቂት ሳምንት ሁሉም በየቦታው ይገባል፣ ቀስ በቀስ ግን ሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት መሽተት ይጀምራል። የሰው ስንፍና አይመስለኝም። የምግብ ትርፍራፊው መሄጃ ስላጣ ነው። ስለዚህ የምጽፍላችሁ ስለ ቦካሺ ባልዲ ነው፣ የምግብ ትርፍራፊን አየር ሳያገኝ ስለሚያብላላ ባልዲ። ለቤት ቆሻሻ ቅነሳ የሚገዛው ዕቃ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱን ነበር የምገዛው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እርጥቡ ደረቁን ያበላሻል። ወረቀት ተመልሶ ወረቀት የሚሆነው ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ቃጫው ሲላቀቅ ነው። ዘይት የጠጣ ካርቶን እዚያ ውስጥ ሲገባ ዘይቱ ከቃጫው አይለቅም፣ አብሮት የገባውን ንጹሕ ወረቀትም ያበላሸዋል። ጠርሙስና ጣሳ ሊታጠብ ይችላል፣ ግን ማን ያጥበው? በብዙ ቦታ ከየቤቱ የወጣውን ከረጢት ከፍቶ በእጁ የሚለይ ሰው አለ። ያ ሰው ደረቅና ንጹሕ ነገር ሲያገኝ ሥራው ሥራ ይሆንለታል፣ የገማ ነገር ሲያገኝ ግን አብዛኛውን እዚያው ጥሎት ይሄዳል፣ ሊፈረድበትም አይገባም። እኛ ቤት ለይተን ያስቀመጥነው ጠርሙስ በዚህ ምክንያት ብቻ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ሊቀበር ይችላል።

መጠኑም ቀላል አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል፤ ልጣጩና አጥንቱም ተቆጥሮ። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የወጣው ከመኖሪያ ቤት ነው። ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ወደ ምግብ ቤትና ወደ ትልልቅ ሱቆች ነው፣ ትልቁ ድርሻ ግን የኛው ማዕድ ቤት ነው። ይህ ሁሉ ቆሻሻ መጣያ ሜዳ ላይ አየር ሳያገኝ ሲቀበር ሚቴን ጋዝ ይወጣዋል። ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ሙቀት በማፈን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። አንድ ቤተሰብ ልጣጩን ከዚያ ሜዳ ሲያስቀር የሚያስቀረው ይህንንም ጭምር ነው።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ሲያዩት ተራ ባልዲ ነው። ከታች ከምግቡ የሚወጣው ፈሳሽ የሚቀዳበት ትንሽ ቧንቧ አለው። ከቧንቧው ከፍ ብሎ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ ይቀመጣል። ከላይ አየር የማያስገባ ክዳን አለ። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን አብሮት የሚመጣው ፉርሽካ ነው። ፉርሽካው በሞላሰስና በጥቃቅን ተሕዋስያን ታሽቶ የደረቀ ነው፣ በተለይ ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎችና እርሾ አሉበት። ዘዴው የጃፓን ነው። አሁን በየቤቱ የምናየው ዓይነት በዓለም የተሰራጨው በኦኪናዋ በሚገኘው የሪዩክዩስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ቴሩዎ ሂጋ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባስተዋወቁት የተሕዋስያን ቅልቅል ነው። ስለዚህ ቅልቅል የሚነገረውን ሁሉ አትቀበሉ። በሽታ ይፈውሳል እስከማለት የሚደርሱ ሻጮች አሉ። እኔ የምመሰክረው ባልዲ ውስጥ ስለሚሠራው ሥራ ብቻ ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የቀኑን ትርፍራፊ በትንሽ ዕቃ ታጠራቅማላችሁ። ማታ አንዴ ባልዲውን ከፍታችሁ ትጨምራላችሁ፣ በላዩ አንድ እፍኝ ፉርሽካ ትነሰንሳላችሁ፣ አየሩ እንዲወጣ በደንብ ትጫኑታላችሁ፣ ትዘጋላችሁ። በቃ። ቀን ሙሉ ደጋግሞ መክፈት ጥሩ አይደለም፣ በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል። ትልልቁን መቆራረጥ ያፈጥነዋል። ባልዲው ሲሞላ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ተዘግቶ ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ አሲዱ እየጨመረ ስለሚሄድ የሚያገሙት ባክቴሪያዎች መኖር ያቅታቸዋል፣ ምግቡም ይብላላል እንጂ አይበሰብስም። ከተራው ብስባሽ ክምር የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፦ የበሰለ ምግብ፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ የአይብ ቁራሽ ሁሉ ይገባል። ተራ ክምር ላይ ሥጋ ብትጥሉ አይጥና ዝንብ ነው የምትጠሩት። የማይገባው ብዙ ፈሳሽ፣ ብዙ ዘይት፣ ትልልቅ አጥንትና የሻገተ ምግብ ነው። የሻይ ከረጢትም ተጠንቀቁ፣ ብዙዎቹ ሲታሸጉ ፕላስቲክ ይገባባቸዋል። ቅጠሉን አራግፋችሁ ከረጢቱን ለብቻው ጣሉ።

ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ሽታው ነው። በደንብ ከተዘጋ አይሸትም። ሲከፈት የኮመጠጠ ሽታ አለው፣ ሆምጣጤ ውስጥ የከረመ አትክልት ዓይነት። አንዳንዱ ሰው አይወደውም፣ ግን ግማት አይደለም። ላዩ ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ሥራው እየሄደ ነው። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ሻጋታ ግን አየር ገብቷል ወይ ፉርሽካው አንሷል ማለት ነው። ትንሽ ከሆነ ያንን ክፍል አውጥታችሁ ፉርሽካ ጨምሩበት፣ ሁሉንም ከወረሰው ደግሞ አዲስ መጀመር ይሻላል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አንደኛው ቧንቧው ነው። የገዛሁት ባልዲ ቧንቧው ላይ ያለው ጎማ ቶሎ ላላ፣ ፈሳሹ ጠብ ጠብ እያለ መደርደሪያውን አበላሸው። ያ ፈሳሽ በጣም ይሸታል፣ እንጨት ላይ ከገባ ሽታው በቀላሉ አይለቅም። የባልዲው ዋና ነገር ከላይ ክዳኑ፣ ከታች ቧንቧው ነው፣ ሌላውማ ፕላስቲክ ነው። እዚህ ላይ የሚቆጥብ አምራች ዕቃውን ሠራሁ ማለት የለበትም። ስትገዙ ቤት እንደደረሳችሁ ምንም ሳትከቱበት ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት። ካፈሰሰ በማግሥቱ መልሱት።

ሁለተኛው፣ ሻጮች በግልጽ የማይናገሩት ነገር አለ። ከባልዲው የሚወጣው የተዘጋጀ ማዳበሪያ አይደለም። ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ስትከፍቱት ብርቱካኑ ልጣጭ ያው የብርቱካን ልጣጭ ነው፣ ሩዙም ሩዝ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተታለልኩ ብሎ ያቆማል። አልተበላሸም፣ ሥራው ግን ግማሽ ላይ ነው። ቀሪው አፈር ውስጥ ነው የሚያልቀው። ሃያ፣ ሠላሳ ሴንቲሜትር ጥልቀት ቆፍሮ ከአፈር ጋር ማደባለቅና በደንብ መሸፈን ያስፈልጋል፣ ጥልቀቱ ካነሰ እንስሳ ቆፍሮ ያወጣዋል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሲድ ስለሆነ ሥር ያቃጥላል፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሳይቆይ ምንም አትትከሉበት። ይህን በሣጥኑ ላይ በትልቁ መጻፍ ምን ያስከፍላል?

ፈሳሹን በየሁለት ሦስት ቀኑ መቅዳት ግድ ነው፣ ካልተቀዳ ከታች ያለው ይገማል። ለተክል ይሆናል፣ ግን እንዲሁ እንዳታፈሱት። አንድ እጅ ለመቶ እጅ ውሃ፣ ማለትም ለአንድ ሊትር 10 ሚሊ ሊትር። ቀድታችሁ በዚያው ቀን ተጠቀሙበት። ተአምር አትጠብቁበት፣ የምግብ ዓይነት ሲለያይ ፈሳሹም ይለያያል።

ግቢ የሌለውስ? አፓርታማ ለሚኖር ሰው ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። መልሱ የአፈር ሣጥን ነው። ክዳን ያለው ትልቅ ሣጥን ወይም በርሜል ላይ አፈር ታደርጋላችሁ፣ የተብላላውን ትቀላቅላላችሁ፣ በአፈር ታለብሳላችሁ። ያረጀ የማሰሮ ተክል አፈር በቂ ነው። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ምግቡ ጠፍቶ ጥቁር አፈር ይሆናል፣ ያንኑ አፈር ደግማችሁ ለሚቀጥለው ባልዲ ትጠቀሙበታላችሁ። እኔ በጣም የወደድኩት ግን በጋራ ሲሠራ ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ባልዲ ይኑረው፣ የአፈር ሣጥኑ ወይም የመቅበሪያው ቦታ የጋራ ይሁን። የተብላላው ነገር ታሽጎ ሳይበላሽ ስለሚቆይ ሁሉም በአንድ ቀን ማምጣት አይጠበቅበትም። በየቤቱ ሣጥን ከማስቀመጥ ቦታም ይተርፋል፣ ሥራውን ከሚወድ ከአንድ ጎረቤት ሌላው ይማራል።

ከሌሎቹ ጋር ሳወዳድረው፣ ትል የሚረባበት ሣጥን የሚሰጠው ማዳበሪያ ይበልጣል፣ ይህን አልክድም። ቀዩ ትል ግን ሥጋ አይፈልግም፣ ሽንኩርትና ሎሚ ሲበዛበት ይጎዳል፣ ከፍተኛ ሙቀትም አይችልም። ለትጉ ሰው ጥሩ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የማዕድ ቤት ማሽን ግን አልመክርም። በጥቂት ሰዓት ማዳበሪያ ይሰጣል ተብሎ ይሸጣል፣ አብዛኛው ግን የሚሠራው ምግቡን ማድረቅና መፍጨት ነው። ያ ዱቄት ውሃ ሲነካው እንደገና መበስበስ ይጀምራል። በዚያ ላይ መብራት ይበላል።

ያልጠበቅሁት ጥቅም ሁለት ነው። በየቀኑ የጣልኩትን በእጄ ስለምጫነው ምን እንደምጥል አየሁ። ዳቦ በዛ፣ ሰላጣ በዛ። ከዚያ በኋላ የምገዛው መጠን ቀነሰ፣ ባልዲውም ቀስ ብሎ መሙላት ጀመረ። ሁለተኛው ደረቁ ቆሻሻ ነው። እርጥቡ ከወጣ በኋላ የቀረው ከረጢት ቀላል፣ ንጹሕና ሽታ የሌለው ስለሆነ መለየቱ ደቂቃ አይፈጅም። ባለ ብዙ ቀለም መጣያም አያስፈልግም፣ አንድ ካርቶንና አንድ ከረጢት ይበቃል። ጣሳን በተለይ አታሳልፉት፣ አሉሚኒየምን ከአሮጌ ጣሳ መሥራት ከማዕድኑ ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር 95 በመቶ የሚሆነውን ኃይል ይቆጥባል። ፕላስቲክ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ያለው ቁጥር ግን ተመልሶ ይሠራል ማለት አይደለም፣ የፕላስቲኩን ዓይነት ነው የሚናገረው። 1 እና 2 ብዙ ቦታ ተቀባይ አላቸው፣ ሌላውን የአካባቢያችሁን ሰብሳቢ ጠይቁ። የሚሰበስበው ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ብትገዙ ሁለት ግዙ። አንዱ ተዘግቶ ሲብላላ ሌላው ይሞላል፣ በአንድ ብቻ ከሆነ ለሁለት ሳምንት ትርፍራፊውን የት ታደርሱታላችሁ? በጣም ትልቁን አትምረጡ፣ ሲሞላ ይከብዳል፣ ደረጃ ለሚወርድ ሰው ፈተና ነው። ፉርሽካው በየጊዜው የሚገዛ መሆኑንም አስቡበት። ተሕዋስያኑን ለብቻ ገዝቶ ፉርሽካውን ቤት ማሸት ይቻላል፣ ከጎረቤት ጋር በጋራ ከተሠራ ደግሞ ብዙ ይቀንሳል። ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፣ እርጥበት ከነካው ያበቃለታል።

ለአምራቾቹ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቧንቧውንና የክዳኑን ጎማ ለብቻ ሽጡልን። ቆሻሻ ለመቀነስ የተገዛ ባልዲ በአንዲት ጎማ ምክንያት ራሱ ቆሻሻ መሆን የለበትም።